«ድምፅሽ ያምራል»

ባለፈው ሴሚስተር በራዲዮ ፕሮዳክሽን ኮርስ የአንድ ደቂቃ የሕዝብ አገልግሎት መልእክት ሠርታችሁ አምጡ ተባልን። ለእኛ ቡድን የደረሰው ርዕስ የማህፀን በር ካንሰር ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ስንጽፍ፣ ስንሰርዝ፣ ስለ ማጀቢያው ስንጨቃጨቅ ከረምን። አንዱ ልጅ ክራር ይሁን አለ፣ ክራር ሆነ። አንባቢዋ እኔ ነበርኩ። ማሳረጊያው «ውድ እናቶችና እህቶች፣ ዛሬውኑ በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ተቋም በመሄድ ይመርመሩ» የሚል ነው። መምህራችን ወደዱት። ያገኘነውን ማርክ እዚህ መጻፍ ጉራ ይሆንብኛል እንጂ ጥሩ ነበር።

ቅዳሜ ቤት ስሄድ በስልኬ ጭኜ ይዤው ሄድኩ። ያሳደገችኝ አክስቴ ሽሮ ሜዳ ነው የምትኖረው። እንጀራ እየጋገረች ለሁለት ምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ዕድሜዋ 44 ነው። ማለትም እኛ በስክሪፕታችን ላይ «ከ30 እስከ 49 ዓመት የሆናቸው ሴቶች» ብለን የጻፍንላት ሴት ራሷ ናት። ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ አቦሉ ሲቀዳ መልእክቱን ከፈትኩላቸው። ሁሉም ጸጥ ብለው ሰሙ። ሲያልቅ አክስቴ «ድምፅሽ ያምራል» አለችኝ። ጎረቤቷ ቀበል አድርጋ «እውነትም እንደ ራዲዮዎቹ ነው የምታነበው፣ እግዜር ያሳድግሽ» አለች። ከዚያ ወሬው ወደ ጤፍ ዋጋ ዞረ።

እኔ ግን አልዞርኩም። «ታዲያ ትመረመሪያለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ምን ሆኜ?»

ይቺን «ምን ሆኜ» ነው እስከ ዛሬ ስመላለስባት የከረምኩት። ጽሑፉንም የምጽፈው በእሷ ምክንያት ነው። አክስቴ መልእክቱን አልሰማችም ማለት አይቻልም፣ ከጎኔ ቁጭ ብላ ሰምታዋለች። ቋንቋው አማርኛ ነው። ድምፁ የገዛ ልጇ ነው። ጤና ጣቢያው ከቤቷ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው፣ ጥቁር አንበሳም ቢሆን በታክሲ የሚደረስ ነው። እና ምን ጎደለ?

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልበል። የማህፀን በር ካንሰር ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚመጣው ኤች.ፒ.ቪ. ከሚባል፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ከሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ በጣም የተለመደ ሲሆን አብዛኞቹን ሴቶች ሰውነታቸው ራሱ ያሸንፍላቸዋል። በጥቂቶቹ ላይ ግን ይከርምና የማህፀን በር ሴሎችን መለወጥ ይጀምራል። ይህ ለውጥ ካንሰር እስኪሆን ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። መከላከያ አቅማቸው በተዳከመ ሴቶች ላይ፣ ለምሳሌ ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው እያለ ሕክምና ባልጀመሩት ላይ፣ ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊበቃው ይችላል። በዚህ ሁሉ ዓመት ውስጥ አያምም፣ አያደማም፣ አይታወቅም። ሲታወቅ ግን ብዙ ጊዜ ረፍዷል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኢትዮጵያ 7,445 ሴቶች በዚህ በሽታ እንደተያዙና 5,338 እንደሞቱ ይገመታል። በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 350,000 ሴቶች ሞተውበታል። ከእነዚህ 94 በመቶው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ነበሩ። እንግዲህ በሽታው የሚገድለው ሀኪም ቤት ያልደረሰችውን ሴት ነው ማለት ነው፣ በደረሰችበት አገርማ እየጠፋ ያለ በሽታ ነው።

ስለዚህ «ምን ሆኜ» ትክክለኛ ጥያቄ ናት። በእኛ ሰፈር ጤና ጣቢያ የሚሄደው የታመመ ሰው ነው፣ ወይም ነፍሰ ጡር፣ ወይም ሕፃን የምታስከትብ እናት። ጤነኛ ሴት ሥራ ፈትታ ሰልፍ ላይ ከታየች ጎረቤት «ምን አገኛት?» ይላል። የእኛ መልእክት ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረውም። «ይመርመሩ» ብቻ ነው የሚለው።

ሌላም ጉድ አለ፣ ቃሉ ራሱ። በዚያች ቡና ላይ አንዷ ሴትዮ «ነቀርሳ እኮ ድሮም አለ፣ ያጎቴ ልጅ ስድስት ወር መድኃኒት ወስዶ ድኗል» አለች። እሷ የምትለው ቲቢን ነው! የሳንባ ነቀርሳ ቲቢ ነው፣ ነቀርሳ ብቻውን ሲባል ግን ካንሰር ነው። ይህን በየትኛውም የቋንቋ ኮርሳችን ላይ አልተማርንም። «ካንሰር» ብለህ ብታልፈው ደግሞ ሰሚው ጆሮ ውስጥ «ሞት» ሆኖ ነው የሚገባው። ካንሰር አለባት ከተባለ ማልቀስ ይጀመራል። እንግዲህ ማን ነው ሞቱን ሊመረመር ደስ ብሎት የሚሄደው? ምርመራው የሚፈልገው እኮ ካንሰርን ሳይሆን ገና ካንሰር ያልሆነውን ለውጥ ነው፣ ያም በዚያው በጤና ጣቢያው ሊታከም የሚችል ነው። እኛ ግን በስልሳ ሰከንድ ውስጥ «ካንሰር» የሚለውን ቃል ሰባት ጊዜ ጠርተነዋል፣ ቆጥሬዋለሁ። «የማህፀን በር» የሚለውም ለእኛ ግልጽ ይመስለናል። አንዷ በኋላ ስትጠይቀኝ ነው «የምን በር?» የሚለው ጥያቄ እንዳለ ያወቅኩት።

አክስቴን ያስነሳት የኔ ክራር አልነበረም። ከአንድ ወር በኋላ ደወለችልኝና «ማክሰኞ ክላስ አለሽ? አብረሽኝ ሂጂ» አለችኝ። ማን አሳመናት ብላችሁ ነው? የሴቶች እድራቸው ገንዘብ ያዥ ናቸው። እሳቸው ከአንድ ዓመት በፊት ተመርምረው ነበር፣ ለማንም አልተናገሩም እንጂ። ከዕለታት አንድ ቀን የወር መዋጮ ሲሰበስቡ ነገሩ ተነሣና እንዲህ አሉ አሉ፦ «ምን ያስፈራችኋል? አቼቶ እኮ ነው የሚቀቡሽ። አንዲት ደቂቃ ትጠብቂያለሽ፣ ታይተሽ ትወጫለሽ። አንድ ብር አልከፈልኩም። ሴት ነርስ ናት። ብቻ ቀሚስ ልበሺ፣ ሱሪ አይመችም።»

ቃል በቃል እውነታቸውን ነው። በእኛ ጤና ጣቢያዎች በብዛት የሚሠራበት ምርመራ ከ3 እስከ 5 በመቶ አሴቲክ አሲድ ያለው ፈሳሽ የማህፀን በር ላይ ቀብቶ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቆ በዓይን ማየት ነው። የተለወጠ ቦታ ካለ ነጣ ብሎ ይታያል። አሴቲክ አሲድ ማለት አቼቶን አቼቶ ያደረገው ነገር ነው፣ ሰላጣ ላይ የምናደርገው። እኚህ ሴት ማንበብም ያስቸግራቸዋል፤ ነገር ግን በሩብ ደቂቃ ውስጥ ምን እንደሚደረግ፣ ምን ያህል እንደሚፈጅ፣ ስንት እንደሚከፈል፣ ማን እንደሚያይ፣ ምን እንደሚለበስ ተናግረው ጨረሱ። እስቲ የኛን አምስቱን ጥያቄዎች አስታውሱ፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን። ፍሬሽማን ሆነን በቃላችን ያጠናናቸውን ማለቴ ነው። አምስቱንም የመለሱት እሳቸው ናቸው። በእኔ መልእክት ውስጥ ያለው ክራር ነው።

ማክሰኞ አራት ሆነን ሄድን፤ አክስቴ፣ ሁለት ጎረቤቶቿና እኔ። ምርመራውን የምትሠራዋ ባለሙያ ሥልጠና ላይ ናት ተባልን። ተመለስን። አክስቴ ለአንዱ ምግብ ቤት የዚያን ቀን እንጀራ አላደረሰችም፣ ስትመለስም ዝም ብላ ነው የተመለሰችው። በሚቀጥለው ሳምንት «አገልግሎቱ ሐሙስ ሐሙስ ነው» አሉን። ይህንን ማክሰኞ ቢነግሩን ምን ነበረበት? የጤና ጣቢያውን ስም አልጽፍም፣ ባለሙያዎቹም ቢሆኑ በአንድ ክፍል ውስጥ የሚሠሩት ሥራ ብዛቱን አይቻለሁ። ግን ሦስት ጊዜ መመላለስ ቻልን የሚል ካለ፣ የቻልነው እኔ ተማሪ ስለሆንኩ፣ መጠየቅ ስለማላፍር፣ የታክሲ ስለነበረኝ ነው።

ሐሙስ ዕለት ሁሉም ገቡ። አክስቴ አሥር ደቂቃ ሳይሞላት እየሳቀች ወጣች። ምንም የለባትም። አንደኛዋ ጎረቤትም እንዲሁ። ሁለተኛዋ ግን ቆየች።

ስለ ሁለተኛዋ ትንሽ ልናገር። ጥጥ ፈታይ ናት። ሽሮ ሜዳን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ከጋሞ የመጡ ሸማኔዎች ቤተሰብ ብዙ ነው። ባሏ ይሸምናል፣ እሷ ትፈትላለች። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ ስንት ነው፣ ቀንስ፣ ጨምር። ነርሷ «ቅድመ ካንሰር ለውጥ ስላለ በቀዝቃዛ ጋዝ መታከም ይኖርበታል፣ እኛ ጋ ግን ጋዙ ስላለቀ ሪፈር እንጽፍልሻለን» አለቻት። ነርሷ ክፉ ሰው አይደለችም፣ በጨዋ ደንብ ነው የነገረቻት። ሴትዮዋ የሰማችው ግን አንድ ቃል ነው፣ «ካንሰር»። ወረቀቱን አጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ቤት ስንደርስ ለትልቋ ልጇ የእድር ደብተሩ የት እንደተቀመጠ አሳየቻት። ይህን የነገረችኝ ልጅቷ ናት። ስምንተኛ ክፍል ናት፣ የእናቷን ማህፀን ጉዳይ ከአማርኛ ወደ ጋሞኛ የምትተረጉመውም እሷው ናት። አፍራ መሬት መሬት እያየች።

ወረቀቱ አምስት ሳምንት ነጠላው ውስጥ ቆየ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የምለውን የምለው። እኛ አገር «ኅብረተሰቡን ማሳተፍ» ሲባል በአብዛኛው «ግንዛቤ ማስጨበጥ» ማለት ሆኗል። አዳራሽ ይከራያሉ፣ ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ የክብር እንግዳ ንግግር ያደርጋል፣ ሻይ ይጠጣል። ማታ ዜናው «የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ተካሄደ» ይላል። ጨብጦ የሄደው ማን እንደሆነ አይነገረንም። እኔ እንደሚመስለኝ ግንዛቤ የሥራው አሥረኛ እጅ ነው። ቀሪው ዘጠኝ እጅ አብሮ መሄድ ነው፤ ከቡናው እስከ ክፍሉ በር፣ ከክፍሉ በር እስከ ውጤቱ፣ ከውጤቱ እስከ ሕክምናው። ሴትዮዋን ያስቀራት ያለማወቅ ቢሆን ኖሮ፣ እሷ አሁን ከኛ ክፍል ልጆች ሁሉ የበለጠ ታውቃለች። ወረቀቱ እጇ ላይ ነው።

ይህ የእኔ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ለፊቸር ኮርስ ስናነብ ስለ ዶክተር ሃሮልድ ፍሪማን አገኘሁ። ሃርለም በሚባለው የኒውዮርክ ሰፈር ሆስፒታል ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ጥቁር አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1986 በዚያ ሆስፒታል የጡት ካንሰር ሕክምና ካገኙት 606 ሴቶች አምስት ዓመት በሕይወት የቆዩት 39 በመቶ ብቻ ነበሩ። ግማሽ ያህሉ ሲመጡ በሽታው ርቆ ሄዷል። እነዚህ ሴቶች የሚኖሩት በዓለም ሀብታም ከተማ ውስጥ ነው፣ ሆስፒታሉም ከቤታቸው ብዙ አይርቅም። ልክ እንደ ሽሮ ሜዳ። ዶክተሩ መጀመሪያ ለድሆቹ የጡት ምርመራ በነፃና በአነስተኛ ዋጋ እንዲሰጥ አደረጉ። ከዚያ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ምርመራ ላይ እብጠት ተገኝቶባቸው «ተመለሺ» ከተባሉት መካከል ብዙዎቹ በመሃል መንገድ ላይ ይጠፋሉ። ኢንሹራንስ የለም፣ ቀጠሮው ይረዝማል፣ ፎርሙ አይገባም፣ ፍርሃቱ አለ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1990 ከሰፈሩ ሰዎች መርጠው መንገድ መሪዎች ቀጠሩ። ሥራቸው አንድ ነው፤ ምርመራው አጠራጣሪ የሆነባትን ሴት ይዞ እስከ መጨረሻው መሄድ። ፎርሙን መሙላት፣ ቀጠሮውን ማስያዝ፣ ስትቀር ቤቷ ሄዶ ማንኳኳት። በኋላ በተደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2000 በዚያው ሆስፒታል ከታከሙት ውስጥ አምስት ዓመት በሕይወት የቆዩት 70 በመቶ ደረሱ። ከ39 ወደ 70! ይህ የነፃ ምርመራውና የመንገድ መሪዎቹ የጋራ ውጤት ነው።

ሳነበው ሳቄ መጣ፣ ምክንያቱም እኛ አገር ይህ ሥራ ጥንትም አለ። ሆስፒታል ልሄድ ነው የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «እዚያ የምታውቂው ሰው አለ?» ተብሎ ነው። ሰው ያለው ካርዱ ይወጣለታል፣ ክፍሉ ይታየዋል፣ «ዛሬ አይሆንም» ሲባል «ለመቼ ታዲያ?» የሚልለት አለው። ሰው የሌለው ወረቀቱን በነጠላ ይቋጥራል። ፍሪማን ያደረጉት ሌላ ምንም አይደለም፣ ሰው ለሌላቸው ሰው መደቡ።

«ይህ የሀብታም አገር ነገር ነው» የሚል አይጠፋም፣ ከኛው ክላስም አንዱ ብሎኛል። እሺ፣ ሙምባይ እንሂድ። በዚያች ከተማ ደሳሳ ሰፈሮች ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ወደ 150,000 ሴቶች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ያንኑ የአቼቶውን ምርመራ የሠሩት ሐኪሞች አልነበሩም። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ ለአጭር ጊዜ የሠለጠኑ ሴቶች ናቸው። ቤት ለቤት ዞረው ጠርተው፣ በየሁለት ዓመቱ ለአራት ዙር መረመሩ። በበሽታው የሚሞቱት ሴቶች ቁጥር ከማይመረመሩት ጋር ሲነጻጸር በ31 በመቶ ቀነሰ። (ያልተመረመሩት ሴቶች ለምን ሳይመረመሩ ተተዉ የሚል ጠንካራ ወቀሳም ተነሥቶበታል፣ እኔም ወቀሳው ልክ ነው እላለሁ። ውጤቱን ግን አይሽረውም።)

ከሙምባይ ይልቅ ቅርብ የሆነ ማስረጃም አለኝ፣ የገዛ ክንዴ። የኤች.ፒ.ቪ. ክትባት በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ክትባቱ በዓለም ላይ እጥረት ስለነበረበት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ብቻ ነበር የተሰጠው። እኔ በዚያ ዓመት 14 ነበርኩ፣ ስምንተኛ ክፍል። የመጀመሪያዎቹ እኛ ነን! ሰፈራችን «ልጅ እንዳይወልዱ ሊያመክኗቸው ነው» በሚል ወሬ ተሞላ። አክስቴም «አንቺ በዚያ ቀን አመመኝ ብለሽ ቅሪ» ብላኝ ነበር። የተቀየረው የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤታችን መጥታ ቡና ጠጥታ፣ «የኔም ልጅ ትወጋለች፣ አብረው ይሰለፉ» ያለች ጊዜ ነው። ልጅቷን እናውቃታለን፣ አብራኝ ነበር የምትማረው። አብረን ተሰለፍን። ከስድስት ወር በኋላ ሁለተኛውን ተወጋን።

ግን በሰልፉ ላይ ያልነበረች አንዲት ልጅ አለች። ከኛ ፊት ለፊት ያለ ቤት ተቀጥራ ትሠራ የነበረች፣ እኩያዬ። ክትባቱ የሚሰጠው ትምህርት ቤት ስለነበረ፣ ትምህርት ቤት የማትሄደውን ማን ይጥራት? እኛ ክንዳችንን እያሻሸን ስንመለስ እሷ ውኃ ተሸክማ ነበር ያገኘችን። «ምን ሆናችሁ ነው?» አለችን። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2011 ይህንን ክትባት ስትጀምር ከትምህርት ቤት ውጪ ያሉትን ልጆች የመንደር ጤና ሠራተኞች እየዞሩ ፈልገዋቸዋል። እኛም ጋ በ2017 ዓ.ም. ዘመቻው ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት ሁሉ ሰፍቶ፣ መርፌውም አንድ ብቻ በቂ ሆኖ ነገሩ ቀሏል። ለኔ እኩያ ግን ጊዜው አልፏል። አሁን የት እንዳለች አላውቅም። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ 30 ትሞላለች፤ እንድትመረመር የሚጠራት ሰው እንዲኖር ነው የምመኘው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን ሁሉ ይሸከሙ ማለቴ አይደለም። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር 16 ፓኬጅ ተሰጥቷቸው ነበር፣ ከዚያ ወዲህ እየተጨመረ እንጂ እየተቀነሰ አልሄደም። አንዲት ሴት ሽንት ቤት አስቆፍራ፣ ሕፃን አስከትባ፣ ሪፖርት ጽፋ፣ በዚያ ላይ ሪፈር የተጻፈላትን ሁሉ ክንድ ይዛ ትሂድ ማለት ግፍ ነው። እድሮቻችን ግን አሉ። እድር ማለት ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ ንፍሮ የሚቀቅል፣ ቀሪ የሚቆጥር ድርጅት ነው። መቅረት ያስቀጣል! ሰው ታሞ ቀጠሮው ሲቀርበት ግን ማንም አይቀጣም። በኤች.አይ.ቪ. ዘመን ብዙ እድሮች ከቀብር አልፈው ሕሙማንን ወደ መጠየቅና ወላጅ ያጡ ልጆችን ወደ መርዳት ገብተው ነበር፣ ስለዚህ አዲስ ነገር አይሆንባቸውም። የአክስቴ እድር ባለፈው ወር ስብሰባው ላይ ገንዘብ ያዥዋ አንድ ሐሳብ አቀረቡ፤ ሪፈር ለተጻፈላት አባል የታክሲና የአንድ ቀን ገቢ ከካዝናው ይሰጥ፣ አንድ ሰውም አብሮ ይሂድ። ግማሹ ተቃወመ፣ «እድሩ የቀብር ነው» ብሎ። ለሚቀጥለው ወር ተቀጠረ።

እንዲህ ያለ ነገር ከችግር ውስጥ ነው የሚወለደው። አቶ ወንዱ በቀለ ልጃቸው ማቲዎስ በአራት ዓመቱ በደም ካንሰር ሲሞትባቸው፣ በ1996 ዓ.ም. በልጃቸው ስም ማኅበር አቋቋሙ። የማኅበሩ ሥራ ትምህርት መስጠት ብቻ ሆኖ አልቀረም፣ ከክፍለ ሀገር ለሕክምና መጥተው ማደሪያ ያጡ ሕሙማን የሚያርፉበት ቤት ከፈተ። የጨረር ሕክምና ከሃያ ዓመት በላይ በጥቁር አንበሳ ብቻ ይሰጥ በነበረበት አገር፣ ማደሪያ ሕክምና ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ወደኛ ሥራ ልመለስ። አንድ ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ስነግረው «ጋዜጠኛ ነርስ አይደለም፣ የኛ ሥራ ማሳወቅ ነው» አለኝ። እስማማለሁ። እናሳውቃ! በአዲስ አበባ የትኛው ጤና ጣቢያ በምን ቀን እንደሚመረምር የምታውቁ ከእናንተ ውስጥ ስንት ናችሁ? እኔ ማስታወቂያውን ስሠራ አላውቅም ነበር። «በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ» ብዬ አለፍኩት፣ ያ ሐረግ የማያውቅ ሰው መሸሸጊያ ነው። የዲፓርትመንታችን ልጆች በየሰፈራችን ያለውን ጤና ጣቢያ ብንከፋፈልና ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የክፍሉን ቁጥር ጠይቀን አንድ ገጽ ብናወጣ፣ በቀጣዩ ሴሚስተር ከሚሠሩት ክራሮች ሁሉ ይበልጣል። ጋዙ ማለቁም ዜና ነው። ከመድረኩ ይልቅ ዜናው እሱ ነው፤ መቼ አለቀ፣ ማን ነው የሚያመጣው፣ ስንት ሴት ተመለሰች። ጋዝ የማይፈልግ፣ በሙቀት የሚሠራ፣ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ እንዳለና የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 እንደተቀበለው አንብቤያለሁ። የትኛው ጤና ጣቢያ አለው፣ የትኛው የለውም ብሎ መጠየቅ የማን ሥራ ነው?

አንድ የሚከነክነኝ ነገር ግን አለ፣ አልደብቀውም። ሴትዮዋን ቡና ላይ ቁጭ ብላ ከነበረችበት ያስነሣናት እኛ ነን። ባንጠራት ኖሮ ያን አምስት ሳምንት ልጇን የእድር ደብተር እያሳየች አታሳልፍም ነበር። ጠርቶ መሃል መንገድ ላይ መተው ካለመጥራት ይብሳል ብዬ ያሰብኩበት ሌሊት አለ። መልሱ አለመጥራት እንዳልሆነም አውቃለሁ፣ የነጣው ቦታ ብንጠራትም ባንጠራትም እዚያው ነበር። ግን የጠራ ሰው ዕዳ አለበት።

ባለፈው እሁድ ከልጇ ጋር ቤታቸው ሄድኩ። ልጅቷ እየተረጎመች፣ ነገሩ ገና ካንሰር እንዳልሆነ፣ ሊሆን የሚችል ነገር እንደሆነ፣ ሕክምናው ደቂቃዎች እንደሚፈጅና በዚያው ቀን ወደ ቤቷ እንደምትመለስ ነገርኳት። ባሏ መጠቅለያው ላይ እንደተቀመጠ ሥራውን አቁሞ ሰማ። «ስንት ቀን ከሥራ ያስቀራታል?» አለ። የአንድ ቀን ነው አልኩት። ገንዘብ ያዥዋ እድሩ እስኪወስን የታክሲውን ከራሳቸው ሰጥተዋል። ሆስፒታሉ ደውዬ ለሐሙስ አስይዤአለሁ፣ የክፍሉን ቁጥር ጽፌዋለሁ፤ ሴት ሐኪም መኖሯንም ጠይቄአለሁ። ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሽሮ ሜዳ ታክሲ ተራ እንገናኛለን። የሚዲያ ሕግ ክላስ ይቀርብኛል፣ መምህሩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቀሚስ እንድትለብስ አክስቴ ነግራታለች። የሪፈር ወረቀቱ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው።